የፉርቃን አስተጣጠብ

ከራጉኤል ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ከቆሙት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ፣ ሀስና የምትባል ሴት የመኪና ዕቃ እያጠበች ትኖራለች። በመርካቶ ልብስ አጣቢ ሞልቷል፤ የመኪና ዕቃ አጥባ ልጅ የምታሳድግ ሴት ግን እሷ ብቻ ነበረች። እሷ እስከምታውቀው ድረስ ማለት ነው።

ሶማሌ ተራ ያሉ የአሮጌ መለዋወጫ ነጋዴዎች ከተፈታታ መኪና ያወጡትን ካምቢዮ፣ ካርቡራተር፣ የሞተር ክዳን፣ ቅባትና አቧራ ለዓመታት ተጋግሮበት ብረት ይሁን ድንጋይ የማይለየውን ሁሉ በጋሪ ይልኩላታል። እሷም ደጇ ላይ በርጩማዋን ስባ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ትቀመጥና መልኩን መልሳ ትልክላቸዋለች። ጎረቤቷ እትዬ የሻሽወርቅ አንዳንዴ በራቸው ላይ ቆመው ያይዋትና፣ «አንቺ፣ የእኔ ድስት እንኳ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም» ይሏታል። ሀስናም ሳቅ ብላ፣ «ድስቱን ይስጡኝና ሰጋቱራ ውስጥ ልቅበረው» ትላቸዋለች።

ሥራውን ያስተማራት ባሏ ፉርቃን ነው። ፉርቃን ግራኝ፣ ዝምተኛ፣ ለዕቃ የሚሳሳ ሰው ነበር። ሌላው አጣቢ የተጋገረውን ቅባት በመሮ ሲፈነቅል፣ እሱ «ብረት በብረት አይፋቅም፣ ይቧጨራል» ብሎ የወይራ እንጨት ያሾልና ቀስ እያለ ያነሳዋል። ከዚያ ይዘፈዝፈዋል፤ ከዚያ በብሩሽ፤ ከዚያ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና። በመጨረሻ ከእንጨት ቤት ባመጣው ሰጋቱራ ውስጥ ይቀብረዋል፤ የእንጨቱ ብናኝ በየስርጓጉጡ የተደበቀውን እርጥበትና ቅባት ይጠጣዋል። ዕቃው ከደረቀ በኋላ ደግሞ እንዳይዝግ በዶሮ ላባ ቀጭን ዘይት ያስነካዋል። ላባ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ቡሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ሽቦ ላይ ይሰካቸውና የሽቦውን ጫፍ ሁለቴ ወደ ግራ ጠምዝዞ ያስረዋል። የቀኝ እጅ ሰው ሲያስር ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዝዘው፤ ሀስና ግን ሙያውን የቀዳችው ከእሱ ስለሆነ እሷም ወደ ግራ ነው የምታስረው።

እሱ በሕይወት ሳለ የሚዘፈዝፈው በቤንዚን ነበር። ቤንዚን ቅባትን እንደ ስኳር ያሟሟዋል። ፉርቃንን የገደለውም እሱው ነው። ሱሀይር የምትባለው ልጃቸው ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል፣ አንድ የክረምት ቀን፣ ዋነኛ ደንበኛቸው ጋሼ ጁነዲን ዝናብ እየመታቸው መጥተው፣ «ፉርቃን አንድ ጋራዥ ውስጥ እሳት ደረሰበት» አሏት። ሆስፒታል ስትደርስ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። አይናገርም። እጁን ልትይዘው ፈልጋ የሚያዝ ቦታ አጣች። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

የትኛው ጋራዥ ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ቢነገራትስ ምን ይረባታል። ከዚያ ወዲህ ግን ቤንዚን ደጇን አልረገጠም። በናፍጣ መዘፍዘፍ ጀመረች። ናፍጣ ቀርፋፋ ነው፤ ዕቃውን አሳድሮ ነው የሚያላቅቀው፤ ነገር ግን እንደ ቤንዚን እሳት ፍለጋ አይሄድም።

እንዲህ እያለች ሱሀይርን ሁለተኛ ደረጃ አደረሰቻት። ጋሼ ጁነዲንም ሥራ አቋርጠውባት አያውቁም። ለእሳቸው ያላት አክብሮት የአባት ያህል ነበር።

ባለፈው መስከረም፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ሀስና ያጠበችውን ካርቡራተር በጨርቅ ጠቅልላ ራሷ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ወደ ጋሼ ጁነዲን ሱቅ ሄደች። ዘወትር ዕቃ የሚመጣውም የሚሄደውም በጋሪ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ባለጋሪው ሳይመጣ ቀረና እግሬን ላፍታታ ብላ ነው። ጋሼ ጁነዲን ለሶላት ወጥተዋል። ሱቁ ውስጥ ያገኘችው ማሙሸት የሚባለውን ሠራተኛቸውን ነው።

«እዚያ ላይ አስቀምጪው» አላት ማሙሸት፣ ወደ ባንኮኒው በአገጩ እያመለከተ።

ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል አንድ የታጠበ ካምቢዮ አየች። ጥርሶቹ እንደ አዲስ ያበራሉ። ጎኑ ላይ ቡሎኖቹ በሽቦ ተሰክተው ተንጠልጥለዋል። «የእኔ ሥራ ነው» አለች በልቧ፤ ሸክሟን አስቀምጣ ዞር ከማለቷ ግን ካምቢዮ ካጠበች ወራት እንዳለፋት ትዝ አላት። ተመለሰችና አየችው። የሽቦው ጫፍ ሁለቴ ተጠምዝዟል። ወደ ግራ።

ጣቷን ሰዳ የካምቢዮውን የውስጥ ከንፈር ዳሰሰችው። ቀጭን ዘይት አለው፤ አንዱ የቡሎን ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ የላባ ብጣሽ ተሰክቶ ቀርቷል። አሸተተችው። ናፍጣ አይሸትም። እሷ ነጭ ላባ ይዛ አታውቅም፤ ይሄ ነጭ ነው። ጆሮዋ ጭው አለባት። የመንገዱ ጩኸት፣ የጋሪው ኳኳታ፣ የተሸካሚው «ከመንገድ!» ሁሉ ራቀባትና የራሷ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። የሞተ ሰው እጅ ነው እያየች ያለችው። ያ በፋሻ የተሸፈነ ፊት ትዝ አላት። ፊቱን አላየሁትም፤ ድምፁንም አልሰማሁም። ማንን ነው የቀበርነው?

«ይሄን ማን አጠበው?» አለችው ማሙሸትን። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ያቺ ናት እንጂ፣ ከአውቶቡስ ተራ በታች ያለችው። አታውቂያትም እንዴ? እኔ እኮ ዘመዳሞች ናችሁ ብዬ ነው የማስበው፤ አስተሳሰራችሁ ሁሉ አንድ ነው። ጋሼ ሁሌ የእሷን ዕቃ ጓዳ ነው የሚያስገቡት፤ ዛሬ ቦታ ጠቦኝ እዚህ አዋልኩት።»

ጋሼ ጁነዲን በዚያው ቅጽበት ደረሱ። ከበሩ ላይ ሀስናን አዩ፤ ካምቢዮውን አዩ፤ እግራቸው እዚያው ተተከለ።

«ሥራ ይመሳሰላል፣ ሀስና» አሉ፣ ገና ምንም ሳትጠይቃቸው።

«ግራ እጅ አይመሳሰልም፣ ጋሼ።»

ማሙሸትን በዓይናቸው ወደ ውጭ ላኩትና ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ፉርቃን አለ?» አለቻቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የቀበርነው እሱን ካልሆነ ይንገሩኝ። ፊቱን አላየሁትም።»

«አላህ ይጠብቀን። እኔ ራሴ በገዛ እጄ አጥቤ ነው የከፈንኩት። ፉርቃንን ነው የቀበርነው፣ በዚህ አትጠራጠሪ።»

«ታዲያ ይሄ የማን እጅ ነው?»

«ከእኔ አፍ መስማት የለብሽም» አሉ ጋሼ ጁነዲን። «ሄደሽ እያት። ሁሪያ ትባላለች። ቀድሞ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ አልቻልኩም።» ሰፈሩንና የበሩን ቀለም ነገሯት።

ሀስና እንዴት ከሱቁ እንደወጣች አታስታውስም። በበርበሬ በረንዳ በኩል ስታቋርጥ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ በርበሬው ነው ብሎ አለፋት። እግሯ ሲሄድ ይታወቃታል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቀው እግሯ ብቻ ይመስል ነበር። ተማሪው ትሆን? ለማንም አላስተማርኩም ብሎኛል። የሥጋ ዘመዱ ትሆን? ዘመድማ ቢኖረው ለለቅሶ በመጣ። ሌላውን ሐሳብ ልቧ እያወቀው አላስጠጋው አለች።

ቤቱ ከአውቶቡስ ተራ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ሰማያዊው በር ተከፍቷል። ደጁ ላይ ሁለት ትልልቅ ሳፋዎች፣ ሰጋቱራ የሞላው ካርቶን፣ በጣሳ የተቀመጠ ዘይት፣ ዘይቱ ውስጥም ነጭ ላባ። ሀስና የገዛ ደጇን ሌላ ሰፈር ተተክሎ ያየች መሰላት።

አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ የሞተር ክዳን እየፈገፈገች ነበር። ከሀስና ጥቂት ዓመት ታንሳለች። የሰው ጥላ ሲያርፍባት ዞር አለች። ብሩሹ ከእጇ ወድቆ ሳፋው ውስጥ ገባ።

«ሀስና» አለች ሴትዮዋ።

የማታውቀው ሰው ስሟን ሲጠራት ሀስና በሩን ይዛ ተደገፈች። ሴትዮዋ በርጩማዋን ልታቀብላት እጇን ዘረጋች፤ ያኔ ነው ሀስና እጆቿን ያየቻቸው። ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ቆዳው ተሸብሽቦ፣ ነጣ ቀላ ብሎ፣ እንደ ቀለጠ ሰም ተያይዟል። ትንሿ ጣት ከጎረቤቷ አትለይም።

«እሳቱ እዚህ ነበር» አለች ሀስና። ጥያቄ አልነበረም።

ሁሪያ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ሁሪያ ቀስ ብላ ነገረቻት። ፉርቃን አግብቷት ነበር፤ በኒካ፣ በምስክር። ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው። «ለዕቃ ግዢ ሻሸመኔ እሄዳለሁ» እያለ ሰሞን ሰሞን ይጠፋባት ነበር። ሀስና ይህን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ለእሷም ሻሸመኔ ነበር የሚላት። ሲመለስ ሙዝ ያመጣላት ነበር፤ ሙዙ ከአውቶቡስ ተራ ጉልት የተገዛ መሆኑን ዛሬ ነው የገባት።

«ያን ቀን» አለች ሁሪያ፣ «ዝናቡ ደጅ አላሠራ ሲለው ዕቃውን ወደ ውስጥ አስገባ። ቤንዚኑ በሳፋ ነበር። ውኃ እንዲሞቅለት ብሎ ከሰሉንም ራሱ አስገባው፤ ከበሩ ጥግ፣ ሩቅ ነው ብሎ። ቤንዚን ግን ሽታው መሬት ለመሬት ይሳባል እኮ፤ ነገሩን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እሳቱን ስናየው ወለሉ ላይ እየሮጠ ወደ እሱ ሲሄድ ነበር። ብርድ ልብስ ይዤ ላዩ ላይ ወደቅኩ።» እጇን አየችው። «ይሄን ያህል ነው ያዳንኩት።»

«አንቺን ሆስፒታል አላየሁሽም።»

«ሰምተሽ ስትመጪ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፤ እጄን እየጠቀለሉልኝ። ጋሼ ጁነዲን መጥተው ‹ሚስቱ እየመጣች ነው፣ አንቺ ከዚህ ሂጂ› አሉኝ። ሚስቱ እኔ ነኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው፣ እህቴ። እሱ እየሞተ፣ እጄ እየነደደ፣ ያኔ ነው የሰማሁት።»

ሀስና ቁጣ ይዛ ነበር የመጣችው። አሁን ቁጣውን ወዴት እንደምታሳርፈው ጠፋት። ሁሪያ ቀጠለች።

«ለቅሶም መጥቻለሁ። አላስችል ብሎኝ፣ አንቺን ለማየት። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ሳህን ይዘሽ መጥተሽ ‹ብዪ እንጂ› አልሽኝ። እጄን ከልብሴ ውስጥ ማውጣት ስላልቻልኩ ዝም አልኩሽ።»

ሀስና አስታወሰች። ሐዘንተኛ ሆና ራሷ ልታስተናግድ የተነሳችበትን ሰዓት፣ ያላወቀቻትን፣ ምግብ ስትሰጣት እጇን ያልዘረጋችላትን ሴት። «ንቃኝ ነው» ብላ ለእትዬ የሻሽወርቅ አምታለች።

ከዚህ በኋላ የተነጋገሩት ነገር፣ ቆይታ ስታስበው፣ ሀስናንም ይገርማታል። ስለ ፉርቃን ማውራት ሁለቱንም ሲያቅታቸው ስለ ዕቃ አወሩ።

«ናፍጣ አይሸትም ዕቃሽ» አለች ሀስና። «በምንድን ነው የምትዘፈዝፊው?»

«ከዚያ ወዲህ የሚነድ ነገር ቤቴ አላስገባሁም። በፈላ ውኃና በሳሙና ነው። መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ ሞክሬ ነበር። ለብረቱ ግሩም ነው፣ ቅባቱን ገፎ ይጥለዋል። አንድ ቀን ካርቡራተር ከተትኩበት። መፍላት ጀመረ፤ እሳት ሳይነካው። አሉሚኒየም መሆኑን አላሰብኩም፤ ሳወጣው ግማሹ ተበልቷል። እጄ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ኮስቲክ አይሆነኝም፤ ጓንቱም አይገባልኝ። ተውኩት።»

«እኔም የካምቢዮ ክዳን አበላሽቼበታለሁ» አለች ሀስና። ሁለቱም ሊስቁ ደርሰው አፈሩ።

በዚህ መሃል ነበር በክፍቱ በር ደብተር የያዘች ልጅ የገባችው። «አሰላሙ አለይኩም» አለች ልጅቱ እንግዳዋን አይታ። ሀስና የልጅቱን ፊት አየች። ግንባሩ፣ ከንፈሩ፣ ቅንድቧ መሃል ያለው መስመር። ሱሀይር ከሁለት ዓመት በፊት የነበራት ፊት ነው፤ ዩኒፎርሙ ብቻ ሌላ ነው።

«ረሂማ ትባላለች» አለች ሁሪያ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሀስና ተነስታ ወጣች። ደህና ሁኚም አላለች።

ብዙ ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። ዕቃ ትዘፈዝፍና ረስታው ትውላለች። አንድ ጊዜ የሞተር ክዳን ሳታደርቅ ልካ ዝጎ ተመለሰላት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶባት አያውቅም። የጋሼ ጁነዲን ባለጋሪ ሲመጣ ዕቃውን አራግፎ እስኪሄድ ወደ ውስጥ ትገባለች። ማታ ሱሀይርን ስታያት ያቺን ሌላይቱን ታያለች። ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጣት ፉርቃን መዋሸቱ አልነበረም፤ ሙዙን፣ ዝምታውን፣ «ደክሞኛል» የሚላትን ሁሉ እየመረመረች፣ የትኛው የእሷ እንደነበር መለየት አለመቻሏ ነው።

በመጨረሻ ያወጣቻት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። ደጇ ላይ አጠገቧ ቁጭ አሉና፣ «ሰጋቱራውን ያለ ዕቃ ስታገላብጪ ከጠዋት ጀምሬ እያየሁሽ ነው። ተናገሪ» አሏት። ነገረቻቸው። አሮጊቷ ስለ ፉርቃን አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ «ልጆቹ ይተዋወቁ» አሉ። «መርካቶ ሰፊ ይመስላል እንጂ ጠባብ ነው። አንድ ቀን ከሰው አፍ ይሰሙታል፤ እንደ አንቺ በድንጋጤ።»

ለሱሀይር መንገር ካሰበችው በላይ ከበዳት። ልጅቱ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ደም አልነበረውም። አላለቀሰችም። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች። ሀስና እኔም ገና መስማቴ ነው ስትላት፣ ሱሀይር እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት። ከዚያ፣ «እኔን ትመስላለች?» አለች።

«በጣም።»

ቅዳሜ ዕለት እናትና ልጅ ወደ ሁሪያ ቤት ሄዱ። ሱሀይርና ረሂማ በሰማያዊው በር ላይ ተያዩና ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ሰላም ተባባሉ። ረሂማ የአባቷ ፎቶ አላት፤ ሱሀይርም አላት። ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው በሁለቱም ላይ ያው ሸሚዝ ነው የለበሰው።

ጋሼ ጁነዲን ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ሀስና ግቢ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቆመው ነበር የተናገሩት፤ ቁጭ ይበሉ ስላላለቻቸው። ጓደኛቸውን ላለማጋለጥ፣ ሁለቱንም ቤት ሥራ እየሰጡ እንዳይራቡ ለማድረግ ብለው እንደሆነ አስረዷት።

«ሥራውን አልጠላሁትም፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ግን ሁለት ሴቶች እንዳንተዋወቅ እንደ ዕቃ ለያይተው ሲያስቀምጡን ኖሩ። ከእንግዲህ ከባድ ከባዱን ወደ እኔ ይላኩት። የእሷ እጅ በብርድ አይታዘዝም።»

አሁን ሁሪያ አንዳንድ ቀን ወደ ራጉኤል ጀርባ ትመጣለች። የሀስና ደጅ ሰፊና አየር ያለው ነው። ሀስናም ናፍጣውን እየቀነሰች የሁሪያን የፈላ ውኃ መሞከር ጀምራለች፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ብዙ አያወሩም። እትዬ የሻሽወርቅ አንድ ቀን ሀስናን ለብቻዋ አግኝተው፣ «ይቅር አልሽው?» ብለው ጠየቋት። ሀስና ብሩሹን እያራገፈች፣ «ገና ተቆጥቼ አልጨረስኩም» አለቻቸው።

እውነቷን ነው። እስከ ዛሬ አንዳንድ ጠዋት፣ ሁሪያ በበሩ ስትገባ፣ ሀስና አንድ አፍታ ትደነግጣለች። ከዚያ ጠጋ ትልና በርጩማው ላይ ቦታ ትሰጣታለች።